የስትራቶስፌር ሞገዶችና የአዲስ አበባ ሰማይ

በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ ስትራቶስፌር፣ ማለትም ደመናና ዝናብ ካሉበት የአየር ንብርብር በላይ ያለው ንብርብር፣ የሚጀምረው ከ17 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ነው። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ ምድር ወገብን ታክከው የሚጓዙ የአየር ሞገዶች በላይዋ ያልፋሉ።

ከእነዚህ ዋነኛው የኬልቪን ሞገድ ነው። የሚነሳው ከታች ካለው የነጎድጓድ ደመና ነው፤ ጉዞው ወደ ምሥራቅ ነው። ሞገዱ አየሩን ወደ ላይ ሲገፋው አየሩ ይሰፋና ይቀዘቅዛል። ከሥር የሚመጣው አየር ደግሞ ኦዞኑ ስስ ነው። ስለዚህ ሙቀቱም ኦዞኑም አብረው ይወርዳሉ። ሞገዱ መልሶ ወደ ታች ሲጫነው ሁለቱም ይጨምራሉ። ከ35 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የኦዞንን መጠን የሚወስነው በአብዛኛው ኬሚስትሪው ነው። አየሩ ሲሞቅ ኦዞን ቶሎ ይፈርሳል።

ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ከዚያም ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አቅጣጫውን እየቀያየረ በ28 ወር ገደማ አንድ ዙር የሚጨርሰውን የስትራቶስፌር ነፋስ የሚነዱትም ሞገዶች ናቸው።

እነዚህን ሞገዶች ከጠፈር ለመከታተል የሚያገለግለው ሳበር የተባለ መሣሪያ ታይምድ በምትባል ሳተላይት ተጭኖ እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ መጠቀ። 625 ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ ወደ ጎን፣ የምድርን ጠርዝ ያያል። በ15 ማይክሮሜትር የሞገድ ርዝመት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚወጣውን ጨረር ለክቶ ሙቀትን ያሰላል፤ በ9.6 ማይክሮሜትር ደግሞ ኦዞንን። በቀን 15 ጊዜ ያህል ምድርን ስለሚዞር ሞገዱን እግር በእግር መከተል ይቻላል።

የሳተላይት ቁጥር ግን ከመሬት ማመሳከሪያ ይፈልጋል። ብዙ አይወራለትም እንጂ የእኛው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እዚህ ላይ የሚያኮራ ድርሻ አለው። የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪው የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፤ መሥራቹ የካቶሊክ ኢየሱሳውያን ማኅበር አባል የሆኑት ካናዳዊው ካህን ፒየር ጉዌን ናቸው። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ከጀርመኑ የካርልስሩኸ ተቋም ጋር በመተባበር የፀሐይን ብርሃን የሚተነትን ስፔክትሮሜትር ከተማዋ ውስጥ ይለካ ጀመር። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 2443 ሜትር ነው። መስተዋቱ ፀሐይን እየተከተለ ይዞራል፤ ብርሃኑን ወደ መሣሪያው ይመራል። እያንዳንዱ ጋዝ ከብርሃኑ ላይ የራሱን መስመር ቆርጦ ያስቀራል። ኦዞን የሚታወቀው በዚያ ነው።

ውጤቱ ኤምኤልኤስና ማይፓስ ከሚባሉት የሳተላይት መሣሪያዎች ጋር ተነጻጽሯል። ከ27 እስከ 36 ኪሎ ሜትር ባለው ከፍታ አማካይ ልዩነቱ በአብዛኛው ከ15 በመቶ በታች ነው። ለአንድ የምድር ወገብ ጣቢያ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በአፍሪካ እንዲህ ያለ ጣቢያ ጥቂት ነውና።

ችግሩ ክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደመናው ሲጫን መስተዋቱ የሚከተለው ፀሐይ ያጣል። ጠዋት ላይ ትንሽ ሲገለጥ በዚያችው ክፍተት ይለካል። ሳበር ግን ከደመናው በላይ ስለሚያይ ክረምት ከበጋ መለካቱን አያቋርጥም።