ግሪን ዴይ

ግሪን ዴይ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ በስተምሥራቅ በሚገኙ ትንንሽ ከተሞች ባደጉ ታዳጊዎች እ.ኤ.አ. በ1987 የተመሠረተ የፖፕ ፓንክ (ፈጣን የፓንክ ሮክን ከቀላል ዜማ ጋር ያጣመረ ስልት) ባንድ ነው። መሥራቾቹ ድምፃዊና ጊታሪስቱ ቢሊ ጆ አርምስትሮንግ እና ቤዝ ተጫዋቹ ማይክ ደርንት የልጅነት ጓደኛሞች ሲሆኑ፣ ባንዱ ስዊት ችልድረን የሚለውን የቀድሞ ስሙን የተወው በ1989 ነው። በ1990 የቀድሞው ድራመር ለትምህርት ሲለይ ትሬ ኩል ቦታውን ያዘ።

ባንዱ የተገራው በበርክሊ ከተማ ጊልማን ጎዳና ላይ በሚገኝ፣ በጎ ፈቃደኞች በሚያስተዳድሩትና መጠጥ በማይሸጥበት የሙዚቃ ቤት ነው። ሉክአውት በተባለ አነስተኛ አሳታሚ በኩል ሁለት አልበሞች ካወጣ በኋላ በ1993 ሪፕራይዝ ከተባለው ትልቅ አሳታሚ ጋር ሲፈራረም፣ የትልልቅ አሳታሚዎችን ባንዶች የማያስተናግደው ይህ ቤት ራሱ ያሳደገውን ባንድ በሩን ዘጋበት። የቀድሞ ወዳጆቹ ለገንዘብ አደረ ብለው ቢወቅሱትም፣ ፈጣን ምቱና ቶሎ ከአፍ የሚገባው ዜማው እንደነበረ መቀጠሉን ማንም ጆሮ ያለው ይመሰክራል።

በፌብሩዋሪ 1994 የወጣው፣ በሮብ ካቫሎ ፕሮዲውሰርነት የተሠራው «ዱኪ» ፖፕ ፓንክን ከጠባብ አዳራሾች ወደ ስታዲየም ያሻገረ አልበም ነው። አርምስትሮንግ ስለሚያሠቃየው የጭንቀት ሕመም የጻፈው «ባስኬት ኬዝ» በታፈነ የጊታር ምትና በድምፁ ብቻ ይጀምራል፤ ድራሙ ቆይቶ ሲገባ ዘፈኑ ይፈነዳል። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ በውድስቶክ የሙዚቃ ፌስቲቫል መድረክ ታዳሚው ጭቃ ሲወረውርባቸው እነሱም መልሰው ወረወሩ፤ በግርግሩ መካከል አንድ ጥበቃ ደርንትን መድረክ የወጣ ተመልካች መስሎት ሲጥለው ጥርሱ ተሰበረ። አልበሙ በ1995 የግራሚ ሽልማት አግኝቷል።

ከዚያ እስከ 2000 ሦስት አልበሞች ወጡ። በ2003 ሊጠናቀቅ የተቃረበ ሥራ ቅጂው ተሰረቀ ይባላል፤ ሌባ ባይኖር ኖሮ ግን በ2004 የወጣው «አሜሪካን ኢዲየት» ላይወለድ ይችል ነበር። የኢራቅ ጦርነት ዘመንን ቁጣ በአንድ ወጥ ታሪክ የሚተርከው ይህ አልበም፣ በሁለትና በሦስት ደቂቃ ዘፈን የሚታወቀው ባንድ ከዘጠኝ ደቂቃ የሚያልፉ ሁለት ዘፈኖችን የደፈረበት ሲሆን፣ የምርጥ ሮክ አልበም ግራሚን ወስዶ በ2010 በኒው ዮርክ የቴአትር መንደር በብሮድዌይ የሚታይ ሙዚቃዊ ቴአትር ለመሆን በቅቷል።

የኋለኞቹ ዓመታት አልበሞች፣ በ2024 የወጣውን «ሴቪየርስ»ን ጨምሮ፣ ይህን ያህል አላነጋገሩም። ባንዱ በ2015 በሮክ ኤንድ ሮል የክብር መዝገብ ሰፈረ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይም ለእርዳታ ማሰባሰቢያ በጊልማኑ ቤት መድረክ ላይ ዳግም ተጫወተ።