የኬጅ ወፎች ምንጣፍ፦ አመራረጥ፣ አነጣጠፍና ጽዳት

ባጅሪጋር፣ ካናሪ፣ ኮካቲል፣ ላቭበርድና በቀቀን በቤት ውስጥ ሲያዙ የኬጃቸው ወለል አንድ ነገር ይነጠፍበታል። ምንጣፉ ኩስንና የተደፋ ውሃን ይመጥጣል፣ የጥሬ ገለባንና የፍራፍሬ ፍርፋሪን ይይዛል። ከዚህ ሌላ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሥራ አለው፤ ኩሱን ለባለቤቱ ዓይን ግልጽ አድርጎ ያሳያል። ወፍ ሕመሙን የሚደብቅ ፍጥረት ነው። ላባውን ነፍቶ ከቆጡ ወርዶ ወለል ላይ ሲቀመጥ በሽታው ብዙውን ጊዜ ሥር ሰዷል። ኩሱ ግን ከዚያ በፊት ይለወጣል። ስለዚህ ጥሩ ምንጣፍ የሚባለው ኩሱ በላዩ የሚታይ፣ ቢነከስ የማይጎዳ፣ በየቀኑ ለመለወጥም ዋጋውና ድካሙ የማይከብድ ነው። እነዚህን ሁሉ የሚያሟላው ተራ ጠፍጣፋ ወረቀት ነው። በሱቅ በውድ የሚሸጡት አብዛኞቹ ምንጣፎች በዚህ ከወረቀት ያንሳሉ።

ወረቀት ላይ የሚነበበው

የወፍ ኩስ ሦስት ነገር አብሮ ይዞ ይወጣል። የመጀመሪያው ከአንጀት የሚመጣው ጠጣር ክፍል ነው፤ ጥሬ በሚበላ ባጅሪጋር ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሆኖ ይጠቀለላል፣ ፔሌት (ተጨምቆ የተሠራ የወፍ ምግብ) በሚበላ ወፍ ወደ ቡናማ ያደላል። ሁለተኛው ከኩላሊት የሚወጣው ነጭ የዩሪክ አሲድ ክፍል ሲሆን እንደ ኖራ ሆኖ በጠጣሩ ላይ ይለጠፋል። ሦስተኛው ጥርት ያለ ሽንት ነው፤ ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ በኩሱ ዙሪያ እርጥብ ቀለበት ይሠራል። ሦስቱም ተለያይተው የሚታዩት ጠፍጣፋና ፈሳሽ የሚመጥ ነገር ላይ ሲወድቁ ብቻ ነው። በጥራጥሬ መልክ በተነጠፈ ጉዝጓዝ ላይ ሽንቱ ወደ ታች ይሰርጋል፣ ነጩ ይፈረካከሳል፣ ጠጣሩም ይሸፈናል።

ፓፓያ ወይም ሐብሐብ የበላ ወፍ ለጥቂት ሰዓት ኩሱ ውሃማ ይሆናል፤ ቀይ ሥር የበላም ቀይ ይጥላል። ይህ አያስደነግጥም። የሚያሳስበው ነጩ ክፍል ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሲሆን ነው፤ ብዙ ጊዜ የጉበት ችግር ምልክት ነው። ያልተፈጨ ጥሬ በኩሱ ውስጥ መታየቱ የምግብ መፍጨት ሥርዓቱ መታወኩን ያመለክታል። እንደ ሬንጅ የጠቆረ ኩስ በላይኛው አንጀት ደም መፍሰሱን ሊያሳይ ይችላል። ቁጥሩም ይነግራል፤ ጤነኛ ባጅሪጋር በቀን ከ25 እስከ 50 ጊዜ ስለሚጥል፣ ጠዋት ወረቀቱ ላይ ያለው በግማሽ ቀንሶ ከተገኘ ወፉ በደንብ እየበላ ላይሆን ይችላል። ሣህኑ ሙሉ መስሎ ቢታይም ይህ አያታልል፤ ባጅሪጋር ጥሬውን ፈልፍሎ ገለባውን እዚያው ሣህኑ ላይ ስለሚተው ባዶ ገለባ እንደ ምግብ ይታያል።

የትኛው ወረቀት?

ጋዜጣ በብዛት የሚያገለግለውና ርካሹ ነው። የዛሬ የጋዜጣ ጥቁር ቀለም በዋናነት ከካርቦንና ከዘይት የሚሠራ በመሆኑ ወፉ አልፎ አልፎ ቢነክሰው ጉዳት አያደርስም። ያረጀ፣ በመጋዘን ሻግቶ ወይም አቧራ ጠጥቶ የከረመ ጋዜጣ ግን ለኬጅ አይሆንም። ነጭ ላባ ያለው ወፍ ወለል ላይ መውረድ የሚወድ ከሆነ አዲስ ቀለም ደረቱን ያጠቁረዋል፤ ለእንዲህ ያለው ያልታተመ የጋዜጣ ወረቀት ወይም ካኪ ወረቀት ይመረጣል። የመጽሔትና የማስታወቂያ አብረቅራቂ ወረቀት ፈሳሽ ስለማይመጥ ኩሱ በላዩ እርጥብ ሆኖ ይቆያል፣ ወፉም ይረግጠዋል። የፎቶ ኮፒ ወረቀት የመምጠጥ አቅሙ ደካማ ቢሆንም ነጭነቱ ለምርመራ ይመቻል። ከቢሮ የመጣ ያገለገለ ወረቀት ከሆነ የስቴፕለር ሽቦው አንድ ሳይቀር መነቀል አለበት፤ በቀቀን እንዲህ ያለ ብረት ፈልጎ ያገኛል፣ ይውጠዋልም። የሱቅ ደረሰኝ ደግሞ በሙቀት የሚጻፍበት ወረቀት ስለሆነና ብዙውን ጊዜ ቢስፌኖል የሚባል ኬሚካል ስላለው ከተቀዳደደ የቢሮ ወረቀት ጋር ተቀላቅሎ እንዳይገባ ይጠበቅ።

ለታመመ፣ አዲስ ለመጣ ወይም ከሐኪም ቤት ለተመለሰ ወፍ ነጭ የወጥ ቤት ሶፍት ከሁሉም ይሻላል። ሽታና ጌጥ የሌለው መሆን አለበት። አዲስ ወፍ ከነባሮቹ ተለይቶ በሚቆይባቸው ከ30 እስከ 45 ቀናት ውስጥ ምንጣፉ ነጭ ቢሆን የኩሱን ቀለም ከኅትመት ጋር የማምታታት ስጋት አይኖርም።

ሰጋቱራ፣ ቆረቆንዳና ሌሎች ጉዝጓዞች

በኢትዮጵያ ሰጋቱራና ጭድ የዶሮ ቤት ጉዝጓዝ ሆነው ስለሚታወቁ ለኬጅ ወፍም የሚሆኑ ይመስላል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ዶሮ ጉዝጓዙን ቀኑን ሙሉ እየጫረች ታገላብጠዋለች፣ ስለዚህ ይናፈሳል፣ ይደርቃል። በቀቀንና ባጅሪጋር አይጭሩም። ከቆጣቸው ላይ ሆነው በአንድ ቦታ ላይ ደጋግመው ይጥላሉ፤ እርጥበቱም እዚያው ይከማቻል። ሲያራግቡ ደግሞ ክንፋቸው የጉዝጓዙን ብናኝ ወደ ራሳቸው አፍንጫ ያስነሣል።

የወፍ አተነፋፈስ ለብናኝ በጣም ስስ ነው። አየር ከሳንባው አልፎ በሰውነቱ ውስጥ ወደተሠራጩ የአየር ከረጢቶች ይገባል፤ በአብዛኞቹ ወፎች እነዚህ ከረጢቶች 9 ናቸው። ወፍ እንደ ሰው ድያፍራም (ከሳንባ ሥር ያለ የመተንፈሻ ጡንቻ) ስለሌለው የገባውን ብናኝ አጥብቆ ስሎ ማውጣት አይችልም። ከረጢቶቹ ሙቅ፣ እርጥብና ደም የማይበዛባቸው ስለሆኑ አስፐርጊለስ የተባለው ሻጋታ ስፖር (ሻጋታው የሚራባበት ደቃቅ ዘር) እዚያ ሲያርፍ በቀላሉ ይበቅላል። ግራጫው የአፍሪካ በቀቀን ለዚህ በሽታ በተለይ የተጋለጠ ነው። ሕክምናው ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ የሚሞቱትም ብዙ ናቸው። የስፖሩ መራቢያ ደግሞ እርጥበት ያገኘው ማንኛውም የዕፅዋት ቅሪት ነው።

የተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ በውጭ አገር ሱቆች በከረጢት ታሽጎ ይሸጣል። ሲታይ ንጹሕ ነው፣ ሽታም ይይዛል። ነገር ግን የውሃ ጠብታና የፍራፍሬ ጭማቂ ሲነካው ከታች በኩል በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሻግታል፣ ላይኛው ደረቅ ስለሚመስል ባለቤቱ አያየውም። የተፈጨ የዋልነት ቅርፊት የጥሬ መልክ ስላለው ወፎች ይለቅሙታል፤ ስለታም ጠርዝ ስላለውም አንጀትን ያቆስላል ወይም ይዘጋል። ለድመት የሚሸጠው የሸክላ አሸዋ ከሁሉም የከፋ ነው፤ የሚጓጉለው ዓይነት ቤንቶናይት የሚባል ሸክላ ስላለበት ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ከ30 እስከ 40 ግራም በሚመዝን ባጅሪጋር አንጀት ውስጥም እንዲሁ ያብጣል።

ስለ ሰጋቱራ ሲነሣ የእንጨቱ ዓይነት ይጠየቃል። ከአናጺ ቤት የሚገኘው የተቀላቀለ ነው፤ ጥድና ባሕር ዛፍ ሽታቸውን የሚሰጣቸው ዘይት አላቸው፣ እሱም የወፍን መተንፈሻ ያስቆጣል። ለሰው ደስ የሚለው የጥድ ሽታ እዚህ ላይ ጥቅም ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነው። ከቺፑድና ከኤምዲኤፍ የሚወጣው ዱቄት ደግሞ ፎርማልዴሃይድ ያለበት ማጣበቂያ ይዟል፣ ከቫርኒሽ የተፋቀውም ይጨመርበታል። ቄጠማም በበዓል ወይም በቡና ሰዓት ከተረፈው ወደ ኬጅ ማስገባት ያምራል፤ ግን ከረግረግ የታጨደ እርጥብ ሣር ስለሆነ በማግሥቱ ይጠወልጋል፣ ተከማችቶ ይሞቃል፣ ይሻግታል። ጭድም ብናኙ ብዙ ነው።

በጀርመን የወፍ አሸዋ የቆየ ልማድ ነው፤ ብዙ ጊዜ የዛጎል ስብርባሪና የአኒስ ሽታ ይጨመርበታል። አሸዋ ንጹሕና ደረቅ ሲሆን አይሻግትም፣ ነገር ግን ኩሱን ይሸፍናል፣ ከባድ ነው፣ ወፉም ብዙ ከዋጠው ይዘጋዋል። ጥሬውን ፈልፍለው የሚበሉ እንደ በቀቀን ያሉ ወፎች ለመፍጨት ጠጠር አያስፈልጋቸውም። አሸዋ የተለጠፈበት ወረቀትም እግራቸውን ይፍቃል እንጂ ጥፍራቸውን አያሳጥርም።

ተጨምቆ የተሠራ የወረቀት እንክብል ከጉዝጓዞች ሁሉ የሚሻለው ነው፤ ብናኙ አነስተኛ ነው፣ ብዙ ፈሳሽም ይመጥጣል። ጉድለቱ ዋጋውና ኩሱን መደበቁ ነው። ለቡችላ የሚነጠፈው ባለ ፕላስቲክ ምንጣፍ ግን ወፉ ሊደርስበት ከማይችል ፍርግርግ በታች ካልሆነ አይፈቀድም፤ ውስጡ ያለው ዱቄት ፈሳሽ ሲነካው እንደ ጄል የሚያብጥ ነው። ፎጣና ሹራብም ክራቸው በጥፍር ይጠመዳል፣ በጣት ላይ ይጠመጠማል፤ ክሩ ከጠበቀ ጣቱን ደም እስኪያጣ ያንቀዋል።

ፍርግርጉና ትሪው

ከትሪው በላይ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የሚገባ የሽቦ ፍርግርግ ወፉን ከኩሱና ከወደቀው ምግብ ይለያል። የሽቦዎቹ ርቀት ለባጅሪጋርና ፊንች ለሚባሉት ትናንሽ ወፎች ከ1.2 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይመከራል፤ ሰፋ ካለ እግር ወይም ጭንቅላት ይያዛል። ዚንክ የተቀባ ርካሽ ሽቦ የሚፈረፈርና የሚላጥ ከሆነ በቀቀን ይልሰዋል፣ ይመረዛልም። ዱቄት ቀለም የተጋገረበት ወይም ዝገት የማይበላው ብረት የተሻለ ነው።

ለትሪው የሚሆነውን ወረቀት በየቀኑ መለካት አድካሚ ስለሆነ አንድ ጊዜ ብቻ ይለካል። ትሪው 45 በ30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አንድ ወረቀት በልኩ ተቆርጦ እንደ ናሙና ይቀመጣል፣ የሌሎቹም ወረቀቶች ልክ በእርሱ ይወሰዳል። ሰባት ንብርብር በአንድ ጊዜ ተነጥፎ በየጠዋቱ የላይኛው ብቻ ቢነሣ የሳምንቱ ሥራ ይቀላል። ይህ የሚሠራው ግን ደረቅ ጥሬ ለሚበላ ወፍ ነው። ፍራፍሬ የሚበላው ወይም የአበባ ማር የሚመገበው ሎሪ ኩሱ ፈሳሽ በመሆኑ እስከ ሦስተኛውና አራተኛው ንብርብር ይሰርጋል። ሁለተኛው ወረቀት በጣት ተነክቶ ከረጠበ ሁሉም ይጣላል። እንደ ጅቡቲና እንደ ባሕረ ሰላጤው ከተሞች ባሉ እርጥበት በሚበዛባቸው ቦታዎች ከሁለት ንብርብር በላይ አለመነጠፍ ይሻላል። የውሃ ሣህን ከቆጥ በታች አይቀመጥም፤ ኩስ ይወድቅበታል፣ ሲንፈራገጡ የሚረጨውም ውሃ ወረቀቱን ያበሰብሰዋል።

አነሣሥና አጠባ

የደረቀ ኩስ ሲጠረግ ብናኙ ይነሣል፤ በዚያ ብናኝ ውስጥ ክላሚዲያ ሲታሲ የተባለው ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። የበቀቀን ትኩሳት የሚባለውን በሽታ በሰው ላይ የሚያመጣው እርሱ ነው። ከተጋለጡ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 14 ቀናት ውስጥ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ደረቅ ሳል ይጀምራል፤ በጊዜው ከታወቀ ዶክሲሳይክሊን በተባለ አንቲባዮቲክ ይድናል። በእንዲህ ያለ ሕመም ሐኪም ቤት የሄደ ሰው ወፍ እንዳለው ሳይጠየቅም መናገር አለበት። ስለዚህ ወረቀቱ ከመነሣቱ በፊት በመርጫ ውሃ ይረጠባል፤ ጠርዞቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው ይጠቀለላል፤ በቀጥታ ወደ ላስቲክ ከረጢት ይገባል። ደረቅ መጥረጊያና ተራ የቫኪዩም ማሽን አይሠራበትም። ነፍሰ ጡርና የበሽታ መከላከያቸው የደከመ ሰዎች ይህን ሥራ ለሌላ ይተዉ።

ትሪው በሳምንት አንድ ጊዜ ይታጠባል። ነጩ ኩስ በውሃ በቀላሉ ስለማይሟሟ በኃይል ከመፋቅ ይልቅ ለብ ባለ ሳሙናማ ውሃ ረጥቦ 10 ደቂቃ ይቆያል፣ ከዚያ በብሩሽ ይለቃል። በረኪና የሚከተለው ቆሻሻው ከተወገደ በኋላ ነው፤ ኩስ ባለበት ላይ ቢደፋ ክሎሪኑ በቆሻሻው ላይ ያልቃል እንጂ ጀርሙን አይገድልም። 5 ከመቶ ገደማ ከሆነ በረኪና 30 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 2 የሾርባ ማንኪያ፣ በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፤ 10 ደቂቃ ይነካዋል፤ በብዙ ውሃ ይለቀለቃል፤ ሽታው እስኪጠፋ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ብጥብጡ ሲያድር ኃይሉን ስለሚያጣ በዕለቱ ይዘጋጃል። በረኪናን ከሆምጣጤ፣ ከአሞኒያ ወይም ከመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር መቀላቀል መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ሥራው ሲሠራ ወፉ በሌላ ክፍል ይቆያል።

ሕጉ የማይሠራባቸው

ላባ ያላወጣ ጫጩት በለስላሳ ጋዜጣ ላይ ከተቀመጠ እግሮቹ ወደ ጎንና ጎን ይንሸራተታሉ፣ አጥንቱም እንደተንሸራተተ ሊጠነክር ይችላል። ለእርሱ የሚሆነው የማይንሸራተት፣ ሶፍት የተነጠፈበት ጎድጎድ ያለ ዕቃ ነው። መሬት ላይ የሚኖሩ ትናንሽ ድርጭቶች ደግሞ የሽቦ ፍርግርግ ላይ ከዋሉ መረገጫቸው ይቆስላል፣ ያብጣል፤ ለእነርሱ ፍርግርጉ ይወጣል፣ ምንጣፉም ለስላሳ ይሆናል።

ሴት ኮካቲል ወረቀቱን እየቀዳደደች ከሥሩ ከገባች የመራቢያ ስሜት ተቀስቅሶባታል ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ ደጋግማ እንቁላል መጣል ትጀምራለች፣ ካልሲየሟ ይሟጠጣል፣ እንቁላሉም ውስጧ ሊቀር ይችላል። ያን ጊዜ ፍርግርጉ ይመለሳል፣ የተቀዳደደው ወረቀት ይነሣል፣ ጨለማ ጥግ የሚፈጥር ሳጥንም ካለ ከኬጁ ይወጣል።