ከአምስት ሰው አንዱ ሪህ አለበት? ኧረ በፍጹም!

ሰሞኑን እንድገመግመው የተላከልኝ አንድ የጥናት ረቂቅ «ከአምስት አዋቂዎች አንዱ ሪህ (ጋውት) አለበት» ብሎ ይጀምራል። ሠንጠረዡን ሳየው የተቆጠረው የደም ዩሪክ አሲድ (ሰውነት በዋናነት በሽንት የሚያስወግደው ቆሻሻ) ብቻ ነው። «እግርህ አብጦ ያውቃል?» ተብሎ የተጠየቀ አንድም ሰው የለም። ይህን ስህተት ማረም ታክቶኛል።

የተሳሳተ፦ ዩሪክ አሲድ ከፍ ካለ ሪህ ነው።

እውነታው፦ አይደለም። ዩሪክ አሲድ በዴሲ ሊትር ደም ከ6.8 ሚሊግራም ገደማ ሲያልፍ ክሪስታል (ጥቃቅን ጠጣር ቅንጣት) ሊሠራ ይችላል። «ይችላል» ነው ያልኩት። ሪህ የሚባለው ክሪስታሉ መገጣጠሚያ ውስጥ ገብቶ ሲያስቆጣ ነው። ብዙ ጊዜ የእግር አውራ ጣት ሥር በሌሊት ይቀላል፣ ያብጣል፣ አንሶላ ሲነካው እንኳ ያስጮኻል። ዩሪክ አሲዳቸው ከፍ ብሎ ዕድሜ ልካቸውን ይህን ሕመም ሳያውቁት የሚኖሩ ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 እና 2016 የተካሄደውን የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ዳሰሳ ተመልከቱ። ዩሪክ አሲዳቸው ከፍ ያለ አዋቂዎች 20 በመቶ ገደማ ነበሩ። ሐኪም ሪህ አለብህ ብሎኛል ያሉት ግን 3.9 በመቶ ብቻ። በላብራቶሪ ብቻ የቆጠረ ሰው ቁጥሩን አምስት እጥፍ ነፋው ማለት ነው።

ሌላም ጣጣ አለው። ሕመሙ በተነሳበት ሰዓት ዩሪክ አሲድ ወርዶ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ጫማ ማጥለቅ አቅቶት በነጠላ ጫማ እያነከሰ የመጣ ሰውዬ «ውጤትህ ኖርማል ነው» ተብሎ ሲሸኝ አይቻለሁ። ሕመሙ ካለፈ በኋላ ሲለካ 9 ገባ። ምርመራው ብቻውን የሌለበትን ይቆጥራል፣ ያለበትን ይዘላል።

እግረ መንገዴን፦ ምንም ሳያማችሁ ወረቀቱ ላይ ቀይ ቁጥር ስላያችሁ ብቻ የሪህ መድኃኒት አትጀምሩ። ሐኪማችሁን ጠይቁ። ሕመም ላይ ሳላችሁ ኖርማል ከተባላችሁ ደግሞ ሕመሙ ካለፈ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በኋላ ድገሙት።

የተሳሳተ፦ ክሊኒካችን ከሚመጣው ሰው ስንቱ ሪህ እንዳለበት ካወቅን የሕዝቡን አወቅን።

እውነታው፦ ክሊኒክ የሚመጣው ያመመው ነው። ቤቱ ያለውን ጤነኛ ማን ቆጠረው?

የተሳሳተ፦ ሰዎችን «ሪህ አለባችሁ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

እውነታው፦ ጉልበቱን የቆረጠመው ሁሉ አዎ ይላል፤ ሐኪም ዘንድ ሄዶ የማያውቅ ሕመምተኛ የለብኝም ይላል። እርግጠኛው መንገድ ከመገጣጠሚያ ፈሳሽ ቀድቶ ክሪስታሉን በማይክሮስኮፕ ማየት ነው፤ ግን ለሺህ ሰው ይህን ማድረግ የማይታሰብ ነው። ቢያንስ የሕመሙን ታሪክ በዝርዝር ጠይቁ፦ የቱ መገጣጠሚያ? በስንት ሰዓት ውስጥ ባሰ? በስንት ቀን ተሻለ? ከተቻለም አዎ ካሉትም የለብንም ካሉትም ጥቂቶቹን በሐኪም አስመርምሩ።

የተሳሳተ፦ የወንዶች በሽታ ነው፣ ሴቶችን መቁጠር አያስፈልግም።

እውነታው፦ በዚያው የአሜሪካ ዳሰሳ ሪህ ያለባቸው ወንዶች 5.2፣ ሴቶች 2.7 በመቶ ነበሩ። ካረጡ በኋላ የሴቶቹ ይጨምራል።

የተሳሳተ፦ የአንዱን አገር ቁጥር ለሌላው መዋስ ይቻላል።

እውነታው፦ በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ሪህ ያለበት ወደ 2.5 በመቶ ነበር፤ በታይዋን እ.ኤ.አ. በ2010 ከ6 በመቶ በላይ። ዘር፣ ክብደት፣ የኩላሊት ጤና፣ ዕድሜ ሁሉም ለውጥ ያመጣሉ። ሽማግሌ የበዛበትን ሕዝብ ወጣት ከበዛበት ጋር ስታወዳድሩ መጀመሪያ የዕድሜውን ልዩነት አስተካክሉ። ይህን ያላደረገ ረቂቅ ከመጣልኝ ሳላነብ እመልሰዋለሁ።