«በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት፣ ፈረስ አጎቴ ነው አለች»

ይህ ተረት ድሬዳዋ ውስጥ ያለቦታው ሲወረወር ይሰማል። አባቱ የመናዊ እናቱ ኦሮሞ የሆነ ልጅ፣ ወይም የግሪክ አያት ያላት ሴት ስለ ዘር ሐረጋቸው ሲያነሱ፣ በዚህ ተረት አፋቸውን የሚያስይዝ አይጠፋም። ተረቱ ግን ከሁለት ወገን መወለድን አይነቅፍም። የበቅሎዋ ጥፋት ስትጠየቅ አባቷን አህያውን መዝለሏ ነው።

በቅሎ የምትገኘው ከባዝራ (ከሴት ፈረስ) እና ከወንድ አህያ ነው፤ ማስጠቃቱም ቀላል ሥራ አይደለም። ባዝራ አህያ ሲቀርባት ትራገጣለች። ከአህዮች ጋር ብቻ ያደገ አህያም ፈረስ ዞር ብሎ አያይም። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የታሰበ ውርንጭላ ከሕፃንነቱ ከፈረሶች ጋር ቢያድግ ይመረጣል፤ የምታጠባው ባዝራ ከተገኘችለት ደግሞ ይበልጥ ይለምዳል። ጊዜው ሲደርስ አህያው ቁመት ስለሚያጥረው ባዝራዋን ከተዳፋት ሥር ያቆሟታል፤ እሱን ከላይ በኩል ያመጡታል። እግሯ በደንብ ካልተያዘ በአንድ ርግጫ ልትሰብረው ትችላለች። ከያዘላት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ወይም ሲሞላ ትወልዳለች። ይህ ሁሉ ድካም ግን ይካሳል፤ ጥሩ የኮርቻ በቅሎ ከፈረስ በላይ ታወጣ ነበር፣ መኳንንቱም ካህናቱም ለመንገድ የሚመርጡት እሷን ነበር።

አሁን መልሷን ልብ በሉ። በቅሎዋ አልዋሸችም። እናቷ ባዝራ ስለሆነች ፈረስ በእርግጥ አጎቷ ነው። ተረቱን ያወጣው ሰው እርባታውን የሚያውቅ ነው፤ ከወንድ ፈረስና ከሴት አህያ የምትወለደው ብትሆን ኖሮ «አባቴ ፈረስ ነው» ብላ በገላገለችው ነበር። እኔ ተረቱ የበቅሎ ገበያ ልጅ ነው ባይ ነኝ። የአህያው ቁመትና ሰኮና ለገዢ ቁም ነገር ነው፤ ሻጭ ግን የባዝራዋን ዘር ሲያወድስ ይውላል። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ከመድረሱ በፊት ከዘይላ ወደብ የመጣው ዕቃ ጀልዴሳ በምትባል የመንገድ ማረፊያ ላይ ከግመል እየወረደ በበቅሎና በአህያ ወደ ሐረር ይወጣ ነበር። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ «አባትዋስ?» የሚል ገዢና ስለ አጎቷ የሚያወራ ሻጭ ስንቴ ተገናኝተው ይሆን!

ዛሬ ዘመድ ለመፈለግ የሚደረገው የምራቅ (የዲ ኤን ኤ) ምርመራ ይህን ተረት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ዘር የሚተላለፍበት የሕዋስ ክፍል ክሮሞዞም ይባላል፤ ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞዞም አላቸው። በቅሎ ከባዝራዋ 32፣ ከአህያው 31 ወስዳ 63 ይኖራታል፤ ብዙውን ጊዜ የምትመክነውም በዚሁ ጎዶሎ ቁጥር የተነሳ ነው። ሚቶኮንድሪያዋ፣ ማለትም የራሱ ዲ ኤን ኤ ያለው ሌላው የሕዋስ ክፍል ግን፣ ከእናት ብቻ ስለሚወረስ ሙሉ በሙሉ የፈረስ ነው። የሚቶኮንድሪያ ምርመራ ብቻ ብናደርግላት መልሱ ያው ይሆናል፦ ፈረስ።

ሰውም የአባቱን አባት ፍለጋ ወጥቶ የሚቶኮንድሪያ ምርመራ ቢገዛ በእናቱ እናት መስመር ብቻ ይሄዳል። ለወንድ መስመር የሚሆነው የዋይ ክሮሞዞም ምርመራ ነው፤ ዋይ ሴት ላይ ስለሌለ ሴት ወንድሟን፣ አባቷን ወይም የአባቷን ወንድም ታስመረምራለች። ሁለቱንም ወገን የሚያየው ከእናትም ከአባትም የሚወረሱትን ክሮሞዞሞች የሚመረምረው፣ አውቶሶማል የሚባለው ነው። ምራቁ ከመሰጠቱ በፊት 30 ደቂቃ ምንም አይበላም፣ አይጠጣም፣ አይጨስም፤ ጫት አፍ ውስጥ ካለ መጀመሪያ ይወጣል፣ አፍም ይጸዳል። አረፋው ሳይቆጠር ፈሳሹ የመቀበያው ዕቃ መስመር ላይ መድረስ አለበት፤ ካልደረሰ ናሙናው ሊበላሽ ይችላል።

የአውቶሶማሉ ውጤት ሁለት ሰዎች የሚጋሩትን ዲ ኤን ኤ በሚለካው በሴንቲሞርጋን ይመጣል። በአያት የሚገናኙ በአማካይ 850 ገደማ፣ በቅድመ አያት የሚገናኙ 230 ገደማ፣ በቅድመ አያት አባት የሚገናኙ 70 ገደማ ይጋራሉ። ከእነዚህ ከመጨረሻዎቹ አስሩን ብትመረምሩ አንዱ ምንም ላይጋራ ይችላል፤ እስከ ሰባት ቤት ሲደርስማ አብዛኛው ባዶ ነው። ስለዚህ ምርመራው ዝም ስላለ ሽማግሌ የቆጠረው ዝምድና አይፋቅም። ተቃራኒውም አለ፦ በሐረር ግንብ ውስጥ፣ ጁገል፣ ለብዙ ትውልድ እርስ በርስ በተጋቡ ቤተሰቦች ዘንድ ቁጥሩ ከእውነተኛው ዝምድና በላይ ያብጣል፤ የሩቁን ቅርብ ያስመስላል።

ፈረንጅ በቤተሰብ ስም ይፈላለጋል፤ የኛ ግን አይሆንም። የሁለት ወንድማማች ልጆች የየአባታቸውን ስም ስለሚይዙ ዝርዝሩ ላይ ባዕድ ይመስላሉ። ለተገኘው ሰው መልእክት ስትጽፉ የአያትን ስም፣ የክርስትና ስም ካለም እሱን፣ የመጡበትን አገርና ድሬዳዋ የኖሩበትን ሰፈር፣ ከዚራም ይሁን መጋላ፣ አብራችሁ ጻፉ። ከምርመራው በፊትም ታላላቆችን ጠይቁ። «እሱ የናትሽ አጎት ነው» የሚል መልስ ሲመጣ ተቀበሉት፤ ግን በትሕትና «አባቱስ ማን ይባላል?» ብላችሁ ጨምሩ። 1,700 ሴንቲሞርጋን አካባቢ የሚጋራ ያልታወቀ ሰው ቢወጣ በአባት ብቻ ወይም በእናት ብቻ የሚገናኝ ወንድም ሊሆን ይችላል፤ አያት፣ አጎት ወይም የወንድም ልጅም በዚያው ቁጥር ላይ ስለሚውሉ ዕድሜውን ሳታዩ ለቤተሰብ አታውጁ።

ተረቱን መተረት የሚወድ ሰውም ቦታውን ይወቅ። የመናዊ አባቱን በግልጽ በስሙ የሚጠራ ልጅ ላይ መተረቱ ነውር ነው። የሚገባው የዘር ሐረግ ሲያስጽፍ ባለማዕረጉን አያት ሦስት ጊዜ አንስቶ፣ ሸማኔውን ወይም ሎሌውን አያት ለሚዘል ሰው ነው።