ስም መግለጫ አይደለም

«ቴዎድሮስ ማለት መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን የጠጡት ንጉሥ ናቸው።» እውነት ነው። ግን «ማለት» የምትለዋ ቃል እዚህ ጋ ታሳስታለች።

እስቲ አስቡት። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ከመቅደላ አምልጠው ቢሆንስ? ሊሆን ይችል ነበር። ይህን ስንል የምናስበው ስለ ሌላ ሰው አይደለም፤ ስለ ራሳቸው ነው። ስሙ የዚያ መግለጫ ምትክ ብቻ ቢሆን ኖሮ «ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ባይሞቱ» ማለት እርስ በርሱ የሚጣረስ ንግግር ይሆን ነበር። አይጣረስም።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ሶል ክሪፕኪ እ.ኤ.አ. በ1970 ፕሪንስተን ላይ ያስረዳው ይህንኑ ነው። ስም «ግትር ጠቋሚ» ነው። ታሪክ በሌላ መንገድ ሄዶ ቢሆን እንኳ ያንኑ ሰው ይጠቁማል። «በ1847 ዓ.ም. የነገሡት ንጉሠ ነገሥት» ግን ግትር አይደለም። የቴዎድሮስ ተቀናቃኝ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ በደረስጌው ጦርነት ድል ቀንቷቸው ቢሆን ዘውዱን እሳቸው ሊጭኑት ይችሉ ነበር።

ብዙ ሰው የሚደናገረው ቀጥሎ ነው። ካሳ ኃይሉና ቴዎድሮስ አንድ ሰው ናቸው። ክሪፕኪ ይህ የግድ እውነት ነው ይላል። «ቴዎድሮስ ተብለው ባይነግሡስ?» ትሉ ይሆናል። ያኔ የሚቀረው መጠሪያው ነው፤ ሰውየው ያው ናቸው። አንድ ሰው ደግሞ ከራሱ ሊለይ አይችልም።

የግድ እውነት ነው ማለት ግን ቁጭ ብሎ በማሰብ ብቻ ይታወቃል ማለት አይደለም። አጥቢያ ኮከብና ማታ ምዕራብ ላይ ቦግ የምትለው ኮከብ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ቬነስ የምትባለው ፕላኔት። ይህን ለማወቅ ሰው ሰማዩን ለረጅም ጊዜ መከታተል ነበረበት።