ሻጋታ ጭድ እንዴት ይበላል? በደሴና በኮምቦልቻ የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መኸር ሲያበቃ በደሴ ዙሪያ፣ በኩታበርም ሆነ በተሁለደሬ በኩል ብትሄዱ አውድማው ዳር የጭድ ክምር ታያላችሁ። የጤፍ፣ የስንዴ፣ የገብስ። ወደ ኮምቦልቻና ቃሉ ስትወርዱ ደግሞ የማሽላ አገዳ ይበዛል። እኔ የተማርኩትም የምወደውም ይህን ጭድና አገዳ የሚያፈርሱትን የፈንገስ ኢንዛይሞች፣ ማለትም ምግብ የሚሰባብሩ ፕሮቲኖች፣ ነው። ስለ ሥራዬ ባወራሁ ቁጥር ከዘመድም ከጓደኛም ከከብት አርቢም ተመሳሳይ ነገር እሰማለሁ። አንዳንዱ ምንም ጉዳት የለውም፣ አንዱ ግን ከብትም ሰውም ይጎዳል፤ እሱ ላይ ስደርስ እባካችሁ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

«ሻጋታ ማበላሸት እንጂ ሌላ ነገር አያውቅም»

ሻጋታ ፈንገስ ነው። ፈንገስ ደግሞ አፍም ሆድም የለውም። እንደ ተክል ከፀሐይ ብርሃን ምግብ አይሠራም፤ እንዲያውም በዝምድና ከተክል ይልቅ ለእንስሳት ይቀርባል። የሚበላው ከሰውነቱ ውጪ ነው። ኢንዛይሞቹን ወደ ውጪ ይለቃል፣ እነሱ ምግቡን ይሰባብሩለታል፣ እሱ የተሰባበረውን በቀጫጭን ክሮቹ ይመጠዋል። እኛ ማበላሸት የምንለው ይህንኑ አበላሉን ነው። ፈንገስና ባክቴሪያ ባይኖሩ ጦሳ ተራራ ላይ የሚወድቀው ቅጠልና ግንድ ሁሉ እንደተቆለለ ይቀር ነበር። ለተመራማሪም ይህ አበላል ምቹ ነው፤ ኢንዛይሙ ፈንገሱ ባደገበት ፈሳሽ ውስጥ ስለሚገኝ ሴሉን መስበር ሳያስፈልግ አጣርቶ ማውጣት ይቻላል።

«ጭድ ውስጡ ስኳር ከሆነ አንድ ጥሩ ኢንዛይም ይበቃዋል»

ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ ትንሽ ባዮሎጂ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ጭድ ውስጥ ስኳር አለ፣ እውነት ነው። የስንዴ ጭድን ብንወስድ ከ35 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ሴሉሎስ ነው፤ ሴሉሎስ ደግሞ ረጅም የግሉኮስ ሰንሰለት ነው። እንጀራ ውስጥ ያለው ስታርችም የግሉኮስ ሰንሰለት ነው። ልዩነቱ ግሉኮሶቹ እርስ በርስ የተያያዙበት አቅጣጫ ላይ ነው። በዚያች ልዩነት የተነሳ ስታርችን እኛ እንፈጨዋለን፣ ሴሉሎስ ግን ገብቶ እንደገባ ይወጣል። የሴሉሎስ ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ተደርድረው እጅግ ተጠጋግተው ይጣበቃሉ፣ ዙሪያቸውን ሄሚሴሉሎስ የሚባል ሌላ የስኳር ሰንሰለት ይከባቸዋል፣ ሊግኒን ደግሞ እንደ ጭቃ ቤት ምርጊት ክፍተቱን ሁሉ ይደፍነዋል።

ይህን ለመፍታት ፈንገሱ የሚልከው ቡድን ነው። ኢንዶግሉካኔዝ የሚባለው ሰንሰለቱን መሃል ለመሃል ይበጥሳል። በተበጠሰው ጫፍ ላይ ሴሎባዮሃይድሮሌዝ ይይዝና ሁለት ሁለት ግሉኮስ እየቆረጠ ይሄዳል። ሁለቱን ለይቶ ነጠላ ግሉኮስ የሚያደርገው ቤታ ግሉኮሲዴዝ ነው። ይህ የመጨረሻው ካነሰ ጥንዶቹ ስኳሮች ይጠራቀሙና የፊተኞቹን ኢንዛይሞች ሥራ ያስቆማሉ፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሥራው በጥሩ ሁኔታ ጀምሮ ቀጥ ሲል መጀመሪያ ከምንጠረጥራቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ሄሚሴሉሎሱን ደግሞ ዛይላኔዝና ሌሎች ይጨርሱታል።

እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 ደግሞ አዲስ ነገር ታወቀ። እስከዚያ ሴሉሎስ የሚቆረጠው በውሃ ብቻ፣ ማለትም በሃይድሮሊሲስ፣ ነው ብለን ነበር የምንማረው። ከዚያ ግን ኦክስጅን እየተጠቀሙ የተጠጋጋውን የሴሉሎስ ገጽ የሚሰነጥቁ፣ ውስጣቸው አንዲት የመዳብ አቶም ያለቻቸው ኢንዛይሞች እንዳሉ ተረጋገጠ። የሚገርመው አንዳንዶቹ ቀድሞም ይታወቁ ነበር፤ ግን ከሌሎቹ ቆራጮች ጋር በስህተት ተመድበው ነበር። ዛሬ ለጭድ የሚሸጡ የኢንዛይም ድብልቆች ውስጥ እነሱም ይጨመራሉ።

ሊግኒኑስ? እሱ ስኳር አይደለም፣ አፈራረሱም ሌላ ነው። እንጨትን ነጭና ክር ክር አድርገው የሚያበሰብሱት ፈንገሶች ሊግኒን ፐርኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም አላቸው፤ የታወቀውም እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። እንጨቱን ቡናማና ፍርፋሪ የሚያደርጉት ደግሞ በብረትና በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ኬሚስትሪ ይጀምሩታል። ሁለቱም ውጤታቸው «የበሰበሰ እንጨት» ነው፣ መንገዳቸው ግን በጣም የተለያየ ነው።

«ብዙ የኢንዛይም ጂን ያለው ፈንገስ ነው የሚሻለው»

ትሪኮደርማ ሪሴይ ይህን ሐሳብ ያፈርሳል። ይህ ፈንገስ የተገኘው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሰለሞን ደሴቶች የአሜሪካ ጦር የጥጥ ድንኳንና ዕቃ እየበሰበሰ ሲያስቸግር ነው። የጦሩ ተመራማሪዎች ኤልዊን ሪዝና ሜሪ ማንዴልስ ለዓመታት አጠኑት፤ ስሙም በኋላ ለሪዝ ክብር ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2008 ጂኖሙ፣ ማለትም የጂኖቹ ሙሉ ዝርዝር፣ ሲታተም የሴሉሎስ ቆራጭ ጂኖቹ ከሌሎች መሰል ፈንገሶች ያነሱ ሆነው ተገኙ። ጥንካሬው ያሉትን በብዛት ማምረቱና ወደ ውጪ መልቀቁ ነው። ለኢንዱስትሪ የተሻሻሉት ዝርያዎቹ በሊትር ከ100 ግራም በላይ ፕሮቲን ይለቃሉ።

ኢንዛይም ሕይወት ያለው ነገር ነው የሚሉም አሉ። አይደለም። ፕሮቲን ነው። አይራባም፣ አይሞትም፤ ሲፈላ ቅርጹ ይበላሽና ሥራውን ያቆማል፣ በቃ።

«ላም ጭዱን ራሷ ትፈጨዋለች»

ላም ሴሉሎስ የሚቆርጥ የራሷ ኢንዛይም የላትም። ሥራውን የሚሠሩላት ጨጓራዋ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች፣ ፕሮቶዞዋዎችና ፈንገሶች ናቸው። አዎ፣ ፈንገሶችም አሉ፤ ኦክስጅን በሌለበት የሚኖሩ። ለረጅም ጊዜ የሚዋኙት ዘሮቻቸው ፕሮቶዞዋ ይመስሉ ነበር። ተመራማሪው ኮሊን ኦርፒን እ.ኤ.አ. በ1975 ነው ፈንገስ መሆናቸውን ያሳየው። ጭዱን በክራቸው ሰርስረው ይገቡበታል፣ እግረ መንገዳቸውን ለባክቴሪያዎቹ በር ይከፍታሉ።

«እንግዲያው የሻገተ ጭድ ለከብት ይስማማል፣ ግማሹ ተፈጭቶለታል»

ረጋ ብላችሁ አንብቡ ያልኩት ይህንን ነው። አታብሉ! በዝናብ ርሶ በራሱ ጊዜ የሻገተ ጭድ ላይ የትኛው ፈንገስ እንደበቀለ አይታወቅም። አንዳንዶቹ መርዝ ያመርታሉ። በተለይ በእህል፣ በኦቾሎኒና በፋጉሎ ላይ የሚወጣው አስፐርጊለስ ፍላቨስ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳና ካንሰር የሚያመጣ መርዝ ይሠራል። ላሟ ከበላችው መርዙ መልኩን ቀይሮ ወተቷ ውስጥ ይገባል። ወተቱን ማፍላት አያጠፋውም። ልጆቻችን የሚጠጡት እሱን ነው። ከላይ ያለውን ሻጋታ አራግፎ መስጠትም መፍትሔ አይደለም፤ ክሩም መርዙም ወደ ውስጥ ዘልቆ ሊሆን ይችላል።

ጭድን በፈንገስ ማለስለስ ግን በደንብ የተጠና ነገር ነው። እዚያ ጭዱ መጀመሪያ በሙቀት ይጸዳል፣ ከዚያ ተለይቶ የታወቀ አንድ ፈንገስ፣ ለምሳሌ የሚበላው ኦይስተር እንጉዳይ፣ ይዘራበታል። ሊግኒኑ ሲቀንስ ጭዱ ይበልጥ ይፈጫል። ፈንገሱም የድርሻውን ስለሚበላ ጭዱ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለቤተሰብ እንጉዳዩን መሰብሰቡ ነው ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው።

«ኮምቦልቻ ቢራ ፋብሪካ ካለ ከጭድ ነዳጅ መሥራት አያቅትም»

ቢራ ሌላ ታሪክ ነው። ገብሱ ሲበቅል ራሱ ኢንዛይም ያመርታል፤ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቀይረው ያ ነው። እናቶቻችን ለጠላ ብቅል የሚያበቅሉትም ለዚሁ ነው። እርሾው የሚመጣው ስኳሩ ከተገኘ በኋላ ነው። ጭድ ላይ ያ ሁሉ የለም። መጀመሪያ በከፍተኛ ሙቀት እንፋሎት፣ በአሲድ ወይም በሌላ ኬሚካል መላላት አለበት፤ ቀጥሎ ብዙ ኢንዛይም ይፈልጋል። ከሄሚሴሉሎስ የሚወጣውን ዛይሎስ ደግሞ ተራው እርሾ አያቦካውም። ዱፖንት የተባለው ትልቅ ኩባንያ በአሜሪካ አዮዋ ከበቆሎ አገዳ ኢታኖል የሚያመርት ግዙፍ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 ከፍቶ በ2017 ዘጋው። ሳይንሱ ይሠራል፤ አስቸጋሪው ቀላል ግን ብዙ ቦታ የሚይዝ አገዳ ከየማሳው ሰብስቦ፣ አጓጉዞ፣ አጽድቶ ማትረፍ ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ጭድ ቆሻሻ አይደለም። የበሬው ቀለብ ነው፣ ከጭቃ ጋር ቦክቶ ግድግዳ ይሆናል፣ ገበያ ወጥቶ ይሸጣል። ከከብቱ አፍ ቀምቶ ነዳጅ እናድርገው የሚል ሰው መጀመሪያ ለከብቱ ምን እንደሚያበላ ይንገረን። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ እዚህ አገር የፈንገስ ኢንዛይም ምርምር መጀመር ያለበት ከመኖና ከጨርቃ ጨርቅ ነው።

«ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ላቦራቶሪ ጉዳይ ነው»

የልብስ ሳሙና ዱቄታችሁን ካርቶን ገልብጣችሁ አንብቡ፤ ብዙዎቹ ላይ ኢንዛይም የሚል ታገኛላችሁ። ዳቦ ቤቶች የሚጠቀሙበት የዱቄት ማሻሻያ ውስጥ የፈንገስ ዛይላኔዝ ሊኖር ይችላል። ጥጥ ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ ሴሉሎስ ነው፤ ኮምቦልቻ ከጥጥ ጋር ስንት ዘመኗ ነው! በጨርቃ ጨርቅ ኢንዱስትሪ የሴሉሎስ ቆራጭ ኢንዛይም ጨርቁ ላይ የሚቆመውን ጸጉር መሳይ ብናኝ ይልጠዋል፣ ጂንስንም በድንጋይ ሳይታሽ ያገለገለ ያስመስለዋል። ጥንቃቄው ሰዓቱ ላይ ነው። ኢንዛይሙ ጸጉሩን ጨርሶ ወደ ክሩ ከገባ ጨርቁ ይሳሳል፤ ስለዚህ በሰዓቱ ሙቀቱን ከፍ አድርገው ወይም የውሃውን አሲድነት ቀይረው ያስቆሙታል። የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና የምትማሩ ልጆች፣ የመመረቂያ ሥራ ርዕስ ስትፈልጉ ከዚህ ጀምሩ፤ መሣሪያው ውድ አይደለም፣ ጥጡም ጨርቁም እዚያው አጠገባችሁ ነው።