የባንክ ሩጫ ምንድን ነው? አሜሪካውያን በባንክ ደጃፍ የተሰለፉባቸው ዓመታት

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 10 ቀን 1930። በኒው ዮርክ ከተማ ብሮንክስ በተባለው አካባቢ፣ ባንክ ኦፍ ዩናይትድ ስቴትስ የሚባል ባንክ አንድ ቅርንጫፍ ደጃፍ ላይ ሰው ይሰበሰብ ጀመር። አንድ ነጋዴ የባንኩን አክሲዮን ልሽጥ ብሎ ገብቶ ነበር፤ ሠራተኞቹ ባትሸጠው ይሻልሃል ብለው መከሩት። እሱ ከወጣ በኋላ ባንኩ አክሲዮን መግዛት አቃተው የሚል ወሬ ተነዛ። ከሰዓት በኋላ ከ20,000 በላይ የሚገመት ሕዝብ መንገዱን ሞልቶት፣ ሥርዓት ለማስያዝ ፈረሰኛ ፖሊስ መጣ። ከተሰለፉት መካከል አንዱ ባንኩ ውስጥ የነበረው 2 ዶላር ብቻ ነበር፤ እሷን ለማውጣት ሁለት ሰዓት ቆመ ይባላል። በማግሥቱ ባንኩ አልተከፈተም።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን ባንክ ራን ይሉታል። በእኛ ቋንቋ የተረጋ ስም ስላላገኘሁለት እዚህ የባንክ ሩጫ እለዋለሁ። ብዙ አስቀማጮች ባንኩ ሊወድቅ ነው ብለው ስለሠጉ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገንዘባቸውን ለማውጣት የሚያደርጉት ሽሚያ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚገባን ባንክ በገንዘባችን ምን እንደሚያደርግ ካወቅን ነው። ባንክ የተቀበለውን ሁሉ ካዝና ውስጥ ቆልፎ አያኖርም። ጥቂቱን ለዕለት ክፍያ ያስቀርና ቀሪውን ለገበሬው፣ ለነጋዴው፣ ቤት ለሚሠራው ያበድራል። አስቀማጩ ገንዘቡን ዛሬ ጠዋት መጠየቅ ይችላል፤ ተበዳሪው ግን የሚመልሰው ከዓመት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። በደህናው ቀን አንዱ ሲያወጣ ሌላው ስለሚያስገባ ችግሩ አይታይም። እቁብ የሚጥል ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። እቁብ የሚሠራው ሁሉም በየተራው ስለሚወስድ ነው። አባላቱ በሙሉ በአንድ ሳምንት ድርሻችን ይሰጠን ቢሉ፣ ሰብሳቢው ታማኝ ሰው ቢሆንም መክፈል አይችልም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ጥሬ ገንዘብ ማጣት ነው፤ ባንኩ ያለው ሀብት ዕዳውን ይሸፍናል፣ ነገር ግን ሀብቱ ብድር ላይ ስለዋለ ዛሬ በእጁ የለም። ሁለተኛው መክሰር ነው፤ ሀብቱ ተሽጦ እንኳ ዕዳውን አይሸፍንም። የሩጫ ክፋቱ የመጀመሪያውን ወደ ሁለተኛው መቀየሩ ነው። የተከበበ ባንክ ያለውን ሁሉ በችኮላ፣ በወደቀ ዋጋ ይሸጣል፤ ከሩጫው በፊት ያልነበረ ኪሳራ ይፈጠራል። ሌሎች ባንኮችም ተመሳሳይ ንብረት ይዘው ከሆነ የእነሱም ዋጋ አብሮ ይወርዳል።

የተሰለፈውን ሰው ግን አልወቅስም። ባንክ የሚከፍለው ለቀደመ ነው፤ ካዝናው ባዶ እስኪሆን ድረስ ከፊት የነበሩት ሙሉውን ይወስዳሉ፣ የኋለኞቹ በሩ ይዘጋባቸዋል። ባንኩ ጤነኛ ነው ብሎ የሚያምን ሰው እንኳ፣ ጎረቤቱ ሊያወጣ መሄዱን ካየ መቅደም ይሻለዋል። እሳት በሌለበት ጭስ አይነሳም ብሎ ልጆቹን የሚያበላበትን ገንዘብ ለማዳን የሄደ አባት ያደረገው ከማንም የሚጠበቅ ነገር ነው። የአንዱ ብልህነት በሺዎች ሲባዛ ግን ሁሉንም የሚያጠፋ ይሆናል። በተሰለፉት ሰዎች ላይ መሳቅ የለመደ ታሪክ ጸሐፊ ሲያጋጥመኝ የማዝነው ለዚህ ነው።

በ1907 የሆነውን እንመልከት። በዚያ ዘመን አሜሪካ ባንኮች ጥሬ ገንዘብ ሲያጥራቸው የሚያበድራቸው ማዕከላዊ ባንክ አልነበራትም። በኦክቶበር አጋማሽ ኦገስተስ ሃይንዝ የተባለው የመዳብ ነጋዴና ወንድሙ የዩናይትድ ኮፐርን አክሲዮን ጠቅልለው ዋጋውን ለማስወደድ ሞክረው ከሸፈባቸው። ወሬው ከእነሱ ጋር ንክኪ አላቸው ወደተባሉ ባንኮች ተዛመተ፤ ከእነዚህም አንዱ በኒው ዮርክ አምስተኛው ጎዳና ላይ በእብነ በረድ ሕንፃ ውስጥ የነበረው ኒከርቦከር ትረስት ነበር። ኦክቶበር 22 ቀን ሦስት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሎ በሩን ዘጋ። የባንኩ ፕሬዚዳንት ቻርልስ ባርኒ በሚቀጥለው ወር ራሱን ገደለ። ኒከርቦከር ግን በማርች 1908 ዳግም ተከፈተ። ከዘጋበት ቀን በፊት ጥሬ ገንዘብ የሚያበድረው አካል አግኝቶ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለው ጥያቄ ከአእምሮዬ አይወጣም።

የቀሩትን ያዳናቸው የ70 ዓመቱ ባለባንክ ጄ. ፒ. ሞርጋን ነው። የየባንኩን መዝገብ አስመርምሮ ሊድን የሚችለውን እየለየ ገንዘብ አሰባሰበ፤ የገንዘብ ሚኒስትሩ ጆርጅ ኮርትልዩም 25 ሚሊዮን ዶላር የመንግሥት ገንዘብ በኒው ዮርክ ባንኮች አስቀመጠ። በኖቬምበር መጀመሪያ አንድ ሌሊት ሞርጋን የትረስት ኩባንያዎቹን (እንደ ኒከርቦከር ያሉ፣ እንደ ባንክ ተቀማጭ የሚቀበሉ ድርጅቶችን) ኃላፊዎች በቤተ መጻሕፍቱ ሰብስቦ፣ በሩን ቆልፎ፣ መዋጮውን እስኪፈርሙ ድረስ አላስወጣቸውም። የአንድ አገር የገንዘብ ሥርዓት በአንድ ሽማግሌ ፈቃድ ላይ መንጠልጠሉ ብዙዎችን አስደነገጠ። ከዚህ የተነሣ በዲሴምበር 23 ቀን 1913 ፌዴራል ሪዘርቭ የተባለውን ማዕከላዊ ባንክ የሚያቋቁመው ሕግ ጸደቀ።

ታዲያ ማዕከላዊ ባንክ ከተቋቋመ በኋላም ባንኮች ለምን ወደቁ? አንደኛው ምክንያት ገጠር ውስጥ ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ወደ 30,000 የሚጠጉ ባንኮች ነበሯት። ብዙ ክፍለ ግዛቶች ቅርንጫፍ መክፈትን ስለሚከለክሉ አብዛኞቹ የአንዲት ከተማ፣ የአንድ ዓይነት ሰብል ባንኮች ነበሩ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከ2 ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረው አንድ ቡሽል (27 ኪሎ ገደማ) ስንዴ በ1921 ወደ 1 ዶላር ገደማ ወረደ። ገበሬው ብድሩን መክፈል አቃተው፤ ባንኩም ከእሱ ጋር ወደቀ። በዚያ አሥርት ዓመት ከ5,000 በላይ ባንኮች ተዘጉ። እነዚህ በአብዛኛው በወሬ የወደቁ አልነበሩም፣ ከልባቸው የከሰሩ ነበሩ። ደግሞም ብዙዎቹ ትንንሽ ባንኮች የፌዴራል ሪዘርቭ አባል ስላልነበሩ በጭንቅ ቀን ከእሱ በቀጥታ መበደር አይችሉም ነበር።

አሁን ወደ ብሮንክስ ልመለስ። ባንክ ኦፍ ዩናይትድ ስቴትስ ስሙ የመንግሥት ይምሰል እንጂ የግል ባንክ ነበር፤ ብዙ ስደተኞች ግን የመንግሥት መስሏቸው ያምኑት ነበር። ከ400,000 በላይ አስቀማጮች ነበሩት፤ ብዙዎቹ በልብስ ስፌት ሥራ የሚተዳደሩ አይሁዳውያን ስደተኞች ናቸው። ኃላፊዎቹ ገንዘቡን ሕንፃ ላይና የራሳቸው ተቀጥላ ኩባንያዎች ላይ ከመጠን በላይ አፍስሰውት ነበር፤ ፕሬዚዳንቱ በርናርድ ማርከስ ኋላ ተፈርዶበት ታስሯል። ስለዚህ ባንኩ ንጹሕ ነበር አልልም። የክፍለ ግዛቱ የባንክ ተቆጣጣሪ ጆሴፍ ብሮድሪክ ትልልቆቹን ባንኮች 30 ሚሊዮን ዶላር አዋጥተው ከሌሎች ጋር እንዲያዋህዱት ለመናቸው፤ እምቢ አሉ። ንብረቱ በዘመኑ ክፉ ዓመታት እየተሸጠ እንኳ ከዕዳው 83.5 በመቶ ተከፍሏል። ገንዘቡ ግን የተመለሰው በዓመታት ውስጥ ተቆራርጦ ነው፤ በ1931 ሥራ ላጣ ልብስ ሰፊ ያ ምን ይጠቅመዋል?

ብልሃት ያላቸው የባንክ ሰዎችም ነበሩ። በ1931 በዩታ ክፍለ ግዛት ኦግደን ከተማ ማሪነር ኤክልስ ባንኩ ሊከበብ መሆኑን አወቀ። ገንዘብ ከፋዮቹን፦ የምታውቁት ሰው ቢሆንም ፊርማውን አመሳክሩ፣ በትንንሽ ኖት ቆጥራችሁ ክፈሉ፣ አትቸኩሉ አላቸው። ከፌዴራል ሪዘርቭ ጥሬ ገንዘብ ጭኖ የመጣውን ሰው በሕዝቡ መካከል አሳልፎ ካስገባው በኋላ፣ ገንዘቡ መምጣቱንና ከመጣበትም ገና ብዙ እንዳለ ለሕዝቡ ተናገረ። ያ ብዙ ገንዘብ ለእሱ ባንክ የተመደበ እንዳልነበረ አልነገራቸውም። ባንኩ ተረፈ።

እንደ ኤክልስ የቀናቸው ጥቂቶች ናቸው። ከ1930 እስከ 1933 ድረስ 9,000 ገደማ ባንኮች ሥራ አቆሙ። ሕዝቡ ገንዘቡን ፍራሽ ሥር ደበቀ፤ ወይም የመንግሥት ዋስትና ወዳለው የፖስታ ቤት ቁጠባ አዞረ። በፌብሩዋሪ 1933 ሚሺጋን ባንኮቿን በሙሉ ዘጋች፤ ድንጋጤው ወደ ሌሎቹ ክፍለ ግዛቶች ተሻገረ። ማርች 4 ቀን ሥልጣን የያዙት ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ከሁለት ቀን በኋላ የአገሪቱን ባንኮች በሙሉ ዘጉ። መዝገባቸው ተመርምሮ ደህና የተባሉት ከማርች 13 ጀምሮ እንደሚከፈቱ በዋዜማው በሬዲዮ አስረዱ። ባንክ ገንዘባችሁን ካዝና ውስጥ እንደማያኖረው በቀላል ቋንቋ ነገሯቸው። ባንኮቹ ሲከፈቱ ሕዝቡ እንደገና ተሰለፈ፤ በዚህ ጊዜ ግን ብዙው ገንዘብ ሊያስገባ ነበር።

ዘላቂው መድኃኒት የመጣው በዚያው ዓመት ጁን ላይ በወጣው የባንክ ሕግ ነው። ሕጉ የተቀማጭ ገንዘብ ዋስትና ድርጅትን አቋቋመ፤ ባንኮች መዋጮ ይከፍላሉ፣ ባንክ ሲወድቅ ድርጅቱ ለአስቀማጩ ይከፍላል። ከጃንዋሪ 1934 ጀምሮ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 2,500 ዶላር ተሸፈነ፤ በዚያው ዓመት አጋማሽ 5,000 ሆነ። ዛሬ 250,000 ነው፤ አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ባንክ ሲገቡ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ የሚያዩት ማስታወቂያ የዚህ ድርጅት ነው። ኢትዮጵያም በቅርብ ዓመታት ተመሳሳይ ፈንድ አቋቁማለች። ሕጉ የሠራው ነገር በሐሳብ ደረጃ ቀላል ነው፤ ቀድሞ መሰለፍን ትርፍ አሳጣው። ዋስትና በገባ በመጀመሪያው ዓመት የወደቁት ዋስትና ያላቸው ባንኮች ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። ከእነዚያ የመጀመሪያው በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ኢስት ፒዮሪያ የነበረ ትንሽ ባንክ ነው። በሜይ ተዘጋ፤ በጁላይ መጀመሪያ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ያስቀመጠችውን 1,250 ዶላር ተቀበለች።